ከሲዲው የወሰድኩት መግቢያ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11፣ 1997

ጋዜጣው የምወደውን ዘፈን አብጠለጠለው። የእንግሊዞቹ ባንድ አልቆለታል፣ ሲንተሳይዘር ብቻ ነው፣ ነፍስ የለውም ይላል። ተናደድኩ። ይህን የጻፈው ሰውዬ የዘፈኑን መግቢያ ሙዚቃ በደንብ አልሰማውም። እኔ ሲዲውን ከገዛሁ ወዲህ ከቢሮ ቻምብሊ ያለው ቤቴ እስክደርስ መኪናዬ ውስጥ ሌላ ነገር አልተከፈተም። ለማን ይወራል? የቸርቹ ኪቦርድ ተጫዋች ዘፈን ትሰማለች ከተባለ አለቀልኝ።

እሁድ፣ 12

አደረግኩት። መዘምራኑ ከመጀመራቸው በፊት ያንን መግቢያ ቀስ አድርጌ ተጫወትኩት። ቃል የለው፣ ከበሮ የለው፣ ማን ያውቃል ብዬ። የመዘምራኑ ኃላፊ ጋሽ ታደሰ አለቀሱ። ባለቤታቸውን ሲቀብሩ እንኳ ሲያለቅሱ አላየኋቸውም። ጋዜጠኛው በነበረና ባየ!

በኋላ «ከየት አገኘሽው ልጄ?» አሉኝ። «እንዲሁ መጣልኝ» አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

ማክሰኞ፣ 14

ጋሽ ታደሰ ቢሮ ደወሉልኝ። መግቢያው መዘምራኑ በሚያወጡት ካሴት ላይ ሊቀዳ ነው፣ «ዜማ፦ ኅሊና» ተብሎ፣ በእኔ ስም። ለሽማግሌዎቹም ነግረዋቸዋል፤ ጌታ የሰጣት ነው ብለው።

ብናገር፦ ዘፈን ቸርች አስገባች ተብዬ ከኪቦርዱ እነሳለሁ።
ዝም ብል፦ ስሜ በሰው ሥራ ላይ ይጻፋል። ያውም በጌታ ስም።

ጊታር ለሚጫወተው ለሳሚ ነገርኩት። ሳቀ። «ከም ኦን፣ ማንም ሪኮግናይዝ አያደርገውም፣ ሪላክስ አድርጊ» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። የሚያለቅስ ሰው ፊት ቆሞ የዋሸው እሱ አይደለም።

ሐሙስ፣ 16

ከሥራ ስወጣ ጋሽ ታደሰን ዶራቪል ባቡር ጣቢያ ተቀበልኳቸው። ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ እንዳለን ሲዲውን ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ምን ይላል?»

«ትታው የሄደችውን ሴት እየጠራ ነው።»

«ለምን ዋሸሽኝ?» አሉ።

«ዘፈን መሆኑን ካወቁ አይወዱትም ብዬ ነው።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ወድጄዋለሁ እኮ። አሁን ምን ላድርገው?»

ቤታቸው አደረስኳቸው። የኪቦርዱን ነገር እሁድ እንነጋገራለን ብለው ወረዱ። ያነሱኝ ይሆናል። መናገሬ ቀሎኛል። የከነከነኝ ሌላ ነው፤ ያለቀሱትን ለቅሶ መልሼ የቀማኋቸው ይመስለኛል።