ለጊዜው ስጦታ ያልሽው በርጩማ

ውድ ጥሩዬ፣

ደብዳቤ ስጽፍ «ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ» ብዬ መጀመር ልማዴ ነበር። ዛሬ ያን መስመር ዘልዬዋለሁ። ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ በክረምት ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። ልጃችን ምሕረት ደህና ናት። ባለፈው ዓመት አግብታ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ቤት ተከራይተዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አትቀርም። ስትመጣ መጀመሪያ የምትከፍተው በአንቺ በኩል ያለውን መስኮት ነው። ቤቱ ታፍኗል እያለች ትቆጣኛለች።

ሀና ማርያም እንደተውሻት አይደለችም። ከጀርባችን የነበረው የጤፍ ማሳ ቤት ተሠርቶበታል። ድሮ ጠዋት የሚቀሰቅሰን በሬውን የሚያዝ የገበሬ ድምፅ ነበር፤ አሁን የግንበኞች ራዲዮ ነው። ስልክም ገብቶልናል። ያን ሁሉ ዓመት ተመዝግበን የጠበቅነው ስልክ አርባሽ ከወጣ በኋላ ገባ። የመጀመሪያው ጥሪ የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ሆኖም ሰውዬውን ትንሽ አነጋገርኩት።

የምጽፍልሽ ግን ስለ መጽሐፍሽ ነው። ታትሟል። የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም የያዛቸውን ቅርሶችና እስካሁን ያዘጋጃቸውን ዐውደ ርእዮች የሚያሳየው፣ ሃያ ዓመት በካርድ ላይ ስትጽፊው የኖርሽው መጽሐፍ። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ነው። መስቀሎቹ፣ የብራና ሥዕሎቹ፣ የሐረር ስፌቶቹ፣ የእንጨት ትራሶቹ ሁሉ ከነፎቶግራፋቸው ገብተዋል። ከየፎቶግራፉ ሥር ያለው ጽሑፍ የአንቺ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ስምሽ አለ፤ ፊደሉ ትክክል ነው፣ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ካርዶቹን እንዴት እንሠራቸው እንደነበር አልረሳሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንቺ ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፣ እኔ በእርሳስ እከተላለሁ። ጋዜጣ ቤት የተማርኩት ይህንን ነበር፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ከአንድ መስቀል ካርድ ላይ «ውብ» የሚለውን ቃል ሰረዝኩብሽ። «ውብ መሆኑን አንባቢው ራሱ ይበል» አልኩሽ። «አንባቢው ዓይን ባይኖረውስ?» አልሽኝ። ቃሉ ተሰርዞ ቀረ፤ አንቺም እስከ እራት አላናገርሽኝም። አሁን በመጽሐፉ ውስጥ ሳየው መስቀሉ ውብ ነበር።

የመቀመጫዎቹን ዐውደ ርእይ የከፈትሽበትን ቀን ፎቶግራፍም እዚያው አገኘሁት። በርጩማዎቹ ተደርድረዋል፣ አንቺ ከጎናቸው ቆመሻል። አንዲት ሴትዮ ከሳሪስ ድረስ መጥታ፣ «ይኼ እኮ ቤቴ አለ። ይኼን ለማየት ነው በሁለት ታክሲ የመጣሁት?» ስትልሽ አልተቀየምሽም። «እንግዲህ ቤትሽ ያለውን ሄደሽ እይዋ» አልሻት። ሴትዮዋ በፎቶግራፉ ጥግ አፏን ይዛ ስትስቅ ትታያለች።

የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የወጣው የኦቦ ዳዲ በርጩማ ነው። ወተት ያመጡልን የነበሩት የፉሪው ገበሬ። ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ፣ ሦስት እግር ያለው፣ ከመቀመጥ ብዛት መካከሉ የጎደጎደ በርጩማ። ከሁሉም አስበልጠሽ ትወጂው ነበርና ሽፋን ላይ ሲያወጡት ደስ አለኝ።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የመጨረሻውን ንባብ ለእኔ ሰጡኝ። አብሮኝ የሚያነብ ሰው ስላልነበረ ብቻዬን ተቀምጬ በዝምታ አነበብኩት። ብዙ የፊደል ግድፈት ለቀምኩ። ደህና አድርጌ የሠራሁ መስሎኝ ፈረምኩበት።

ታትሞ በመጣበት ቅዳሜ ምሕረት ገለጠችና ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። «በርጩማ። ዋንዛ። ፉሪ። የአቶ ዳዲ ስጦታ» አለች። እስቲ ድገሚው አልኳት። ደገመችው። ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተሽ የነገርሽኝ ነገር መጣብኝ። ልታርፊ ሦስት ቀን ሲቀርሽ «በርጩማው ስጦታ አይደለም» ብለሽኝ ነበር። እኔ ትኩሳቱ የሚያናግርሽ መስሎኝ «እሺ፣ እሺ፣ አሁን ዕረፊ» አልኩሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሁሉ «ምን ማለትዎ ነው?» እያልኩ ስጠይቅ ኖሬ፣ አንቺን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።

ማስታወሻ ደብተሮችሽን አውርደን ፈለግን። ያገኘችው ምሕረት ናት። በጠባቡ ጽሕፈትሽ እንዲህ ይላል፦ «ኦቦ ዳዲ በርጩማቸውን አመጡ። ገመቹ ከውትድርና እስኪመለስ ጠብቁልኝ፣ እናንተ ዘንድ ቁልፍም ዘበኛም አለ አሉ። ቅጹ ላይ ግዢና ስጦታ እንጂ አደራ የሚል ቦታ የለም። ለጊዜው ስጦታ ብዬዋለሁ።» ከጥቂት ገጾች በኋላ፦ «ፉሪ ሄድኩ። ኦቦ ዳዲ አርፈዋል። የልጃቸውን የገመቹን ወሬ የሚያውቅ የለም።» ደግሞ ሌላ ቦታ፦ «ፉሪ። አሁንም የለም። ጭቃው ጫማዬን አስቀረው።» ከዚያ ወዲያ ስለ በርጩማው የተጻፈ ነገር የለም። መንግሥት ተለወጠ፣ ሥራው ተደራረበ፣ በሽታው መጣ። ለጊዜው የተባለው ስጦታ ካርዱ ላይ ቀረ፤ ከካርዱም እኔ ፈርሜበት ወደ መጽሐፉ ገባ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጽሐፉንና ደብተርሽን ይዤ በእግሬ ወደ ፉሪ ሄድኩ። በየቦታው አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። የኦቦ ዳዲን ቤት የጠየቅኋት ሴት «የገመቹን ቤት ነው?» አለችኝ። «የማንን ቤት?» አልኳት። ገመቹ በሕይወት አለ፣ ጥሩዬ። ጦሩ ሲበተን ወዲያው አገሩ አልገባም፤ መተሐራ የቀን ሥራ ሲሠራ ከርሞ የተመለሰው አንቺ ለሁለተኛ ጊዜ ፉሪ ሄደሽ ካጣሽው በኋላ ነው። አሁን ያርሳል፤ እርሻ በሌለበት ወቅት ደግሞ ለአዳዲሶቹ ቤቶች በጋሪ ድንጋይ ያመላልሳል።

መጽሐፉን ሰጠሁት። ፎቶግራፉን ረጅም ጊዜ አየው። ከሥሩ ያለውን መስመር አነበበና መጽሐፉን ዘጋው።

«ሰምቻለሁ» አለኝ። «ለመንግሥት ሰጠው ብለውኛል። አባቴ እኮ፣ ጋሼ፣ የጎረቤት ዶሮ ግቢው ብትጥል እንቁላሉን ይመልሳል እንጂ፣ የራሱን ለሰው በነጻ የሚሰጥ ሰው አልነበረም።»

ሚስቱ «አፈሩን ያቅልልላቸው በል እንጂ!» ብላ ገሠጸችው። ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ተወው። እነሱ ዘንድ እንዲህ ያለ በርጩማ ከአባት ወደ በኩር ልጅ ይሄዳል። አባትየው ለሌላ ከሰጠው፣ ልጄ ሞቷል ብሎ ቆርጧል ማለት ነው። ገመቹ ከተመለሰ ጀምሮ በሆዱ ይዞት የኖረው ይህንን ነበር። «እኔ እዚያ እሱን እያሰብኩ፣ እሱ እዚህ ተዝካሬን አውጥቷል» አለኝ።

ደብተርሽን ገልጬ አነበብኩለት። «ገመቹ ከውትድርና እስኪመለስ» የሚለው ላይ ስደርስ እጁን ዘርግቶ ወሰደውና ራሱ አነበበው። ጣቱን ስሙ ላይ አሳርፎ ቆየ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሚስቱ «ፈረሱን ውሃ ሊያጠጣ ነው» አለችኝ። ፈረሱ ፊት ለፊታችን፣ ደጃፉ ላይ ታስሮ ነበር።

የሙዚየሙ አዲሱ ኃላፊ ደግ ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው በርጩማው እንዲመለስ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ፤ ጽፎም ተከታተለ። መጽሐፉ ግን ታትሞ አልቋል፤ የቀረው በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ የእርማት ወረቀት መለጠፍ ነው። «የማተሚያ ቤት ስህተት ነው እንበል፣ ጋሼ» አለኝ። «የእትዬ ጥሩወርቅ ስም ለምን ይነሳል?»

ያለው ለአንቺ አስቦ ነው። መንገዱንም ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። በጋዜጣው ስንቱን የራሴን ስህተት በፊደል ለቃሚዎች አሳብቤያለሁ። «እነዚያ ለቃሚዎች ከመሳሳት በቀር ሥራ የላቸውም እንዴ?» እያልሽ ታሾፊብኝ ነበር።

አልደብቅሽም፣ ሁለት ቀን አመነታሁ። ያለሽ መጽሐፍ አንድ ነው። በዚያ በአንዱ መጽሐፍሽ ውስጥ ስምሽን ከስህተት ጋር አያይዤ የምለጥፈው እኔ መሆኔ ከበደኝ። በሌላ በኩል የማተሚያ ቤት ስህተት ካልኩት፣ ያ ቅጽ፣ ያ «ለጊዜው»፣ ሽማግሌው ልጃቸውን መጠበቃቸው፣ ሁሉም ከወረቀቱ ይወጣል። ገመቹ ሰው ሲጠይቀው የሚያሳየው ምን ይኖረዋል? ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፦

«በሽፋኑና በውስጥ ገጽ የሚታየው በርጩማ የአቶ ዳዲ ስጦታ መባሉ ስህተት ነው። አቶ ዳዲ በርጩማውን ያስቀመጡት ልጃቸው ገመቹ ከውትድርና እስኪመለስ በአደራ ነው። መዝጋቢዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በቅጹ ላይ ለአደራ የሚሆን ቦታ ስላጣች ለጊዜው ስጦታ ብላ መዝግባዋለች። የመጨረሻውን ንባብ ያነበበው ባለቤቷም ሳያስተውል አሳልፎታል።»

ኃላፊው አነበበና «የራስዎን እንኳ ይተዉት» አለኝ። አልተውኩትም። እዚያ ወረቀት ላይ ብቻሽን አላቆምሽም።

ወረቀቶቹን ከምሕረት ጋር ሆነን ቤት ውስጥ ለጠፍናቸው። እሷ ሙጫ ትቀባለች፣ እኔ አስተካክዬ እጫናለሁ። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ወሰደብን። አንዱን ስታጣብቅ «እማዬ ይኼን ብታይ ትቆጣ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ሙጫ አበዛሽ ብላ ነበር የምትቆጣው አልኳት።

በርጩማውን ለመቀበል ከገመቹ ጋር ሄድን። ፈርሞ ተረከበው። ታክሲ ስንሳፈር ጣሪያ ላይ ይጫን ቢሉት እምቢ አለ፤ እንደ ሕፃን አቅፎት ገባ። ረዳቱ «ፋዘር፣ እኛም እኮ ወንበር አለን» ሲለው ታክሲው ሁሉ ሳቀ። ገመቹም አብሮ ሳቀ፣ ግን እስከ መጨረሻው ከጭኑ አላወረደውም።

ቤቱ ስንደርስ ምሰሶው አጠገብ አኖረውና፣ እንግዳ ነኝና «ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለኝ። አይሆንም አልኩ። አይሆንም አለ። ሚስቱ «ካልተስማማችሁ ወደ ሙዚየሙ እመልሰዋለሁ» አለችን። በመጨረሻ እሱ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ስለሆነ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደረሰ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ወደ በሩ አየ። ኦቦ ዳዲ ወተቱን አስረክበው ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ሲያርፉ ልክ እንደዚህ ነበር የሚቀመጡት።

ሰው ሙታኑን በደግ በደጉ ብቻ ያነሣል፤ ልማዳችን ነው። እኔ ግን፣ የኔ ዓለም፣ አንቺን ስህተትሽንም ጨምሬ እንደማስታውስሽ ቃል እገባልሻለሁ። ያን ስህተት ሳትደብቂ በደብተርሽ የጻፍሽው፣ በጭቃ ሁለት ጊዜ እስከ ፉሪ የሄድሽበት፣ ትንፋሽ ሲያጥርሽም ያልጣልሽው አንቺ ነሽ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ጥሩወርቅ ማን ነበረች ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

ባለቤትሽ ተሰማ
ሀና ማርያም