መድኃኒቴን በአደባባይ ላስተዋወቁልኝ የፍተሻ ኃላፊ

ለተከበሩ የድንበር ኬላ የመንገደኞች ፍተሻ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳልጠይቅ ለተደረገልኝ አገልግሎት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የበረታ፣ ጉሮሮዎም ከጉንፋን የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ሳምንት በኬላዎ ያለፍሁ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና ሳላልፍ የቀረሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ ከተገኘ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ይህን በጋዜጣ መጻፌ እንዳያስደነግጥዎ፤ እርስዎ ለአንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በቃል ስላሰሙልኝ ምስጢርነቱ ቀርቷል።

የጉዞዬ ምክንያት ድንበር ማዶ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ፣ እናትም ስለሌለን፣ "እታለም፣ አንቺ ካልመጣሽ ምጡን አልጀምረውም" ብላ በስልክ ስታስቀኝ ነው የተነሣሁት። በሻንጣዬ የያዝሁት ራሴ የሰፋኋቸውን የሕፃን ልብሶችና መድኃኒቴን ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። እኛ ይህን መድኃኒት ከምንውጥ ሰዎች ብዙዎቻችን አንድ ልማድ አለን፤ የብልቃጡን ወረቀት ልጠን እንጥላለን፤ በቦርሳ ውስጥ ኮሽ ብሎ የጎረቤት ጆሮ እንዳያቆምም ጥጥ እንጠቀጥቅበታለን። እርስዎ ብልቃጡን ጆሮዎ ሥር ነቅንቀው ድምፅ ቢያጡበት፣ ዝም ያለ ነገር ሁሉ አደንዛዥ ዕፅ ነው ብለው ጠረጠሩ። ስም የሌለው መድኃኒት ይዞ የመጣን ሰው መጠየቅ ሥራዎ ነው፤ በዚህ አልከራከርዎትም። ወደ አንዱ ክፍል ወስደው ቢጠይቁኝ ኖሮ መልሱ የአንድ ትንፋሽ ነበር፤ የሐኪሜም ማስረጃ በኪሴ ነበር።

ሁለተኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ለብቻ እንዲያነጋግሩኝ ብለምንዎ "እዚህ ሹክሹክታ የለም፣ ጮክ በይ!" ማለትዎ የመሥሪያ ቤታችሁን ግልጽነት ያስመሰክራል። በጆሮዎ ስነግርዎ ደግሞ፣ ያልሰማ ሰው ቅር እንዳይለው ብለው ነው መሰል፣ "የኤች አይ ቪ ነው እንዴ?" ብለው ለሰልፉ ሁሉ አዳረሱልኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በክቡርነትዎ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። ጠዋት ሙሉ በአውቶቡሱ ከጎኔ ተቀምጠው ልጄ ልጄ እያሉ ሲያጫውቱኝ የመጡት እናት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቦርሳቸውን አቅፈው ከሰልፉ ጫፍ ላይ ቆሙ።

ሦስተኛው የጓንቱ ነገር ነው። ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፏቸው በባዶ እጅዎ ነበር፤ የበሽታውን ስም ሲሰሙ ግን ጓንት አስመጡ፣ በላዩም ሌላ ደረቡበት። ክኒን እስካሁን ማንንም ነክሶ አያውቅም። ቫይረሱ በእጅ በመነካካት እንደማይተላለፍ፣ እኔም መድኃኒቴን ሳላቋርጥ በመውሰዴ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ እንደተዳከመ ላስረዳዎ አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ሥራ በዝቶብዎ ነበር።

አራተኛውን ቀልድ አላደርገውም። መድኃኒቴን "እስኪጣራ" ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። የሐኪሜን ማስረጃ ማኅተሙ ደብዝዟል ብለው መለሱልኝ፤ የሚያጣራው ሰው መቼ እንደሚመጣ ብጠይቅ "ሲመጣ" አሉኝ። ይህ መድኃኒት ዛሬ ተዘልሎ ነገ በእጥፍ የሚካስ አይደለም፤ ካቋረጡት ቫይረሱ ያንሰራራል፣ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ፤ እኔም ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ወደ መጣሁበት ተመለስሁ። እህቴ ምጡን ያለ እኔ ጀመረችው፣ ያለ እኔም ጨረሰችው፤ እጇን የሚይዝላት አንድ ዘመድ አጠገቧ አልነበረም። ክቡር ሆይ፣ በዚህ በጣም አዝኜብዎታለሁ።

ሕፃኗን ገና በዓይኔ አላየኋትም፤ በቅርቡም እንደገና በኬላዎ እመጣለሁ። እስከዚያው መድኃኒቴን እንዲመልሱልኝ፣ ከፍተሻው ጠረጴዛ ጎንም አንዲት መጋረጃ እንዲሰቅሉ በትሕትና እለምናለሁ። መሥሪያ ቤቱ የጨርቅ በጀት ከሌለው ሰፍቼ ልልክልዎ ዝግጁ ነኝ፤ ወፍራም አደርጋታለሁ፣ የእርስዎን ድምፅ የሚያግድ ጨርቅ ግን ገና ገበያ ላይ አላገኘሁም።

ለማዕረግዎ ጎንበስ፣ ለመብቷ ቀና የምትለው
አክባሪዎ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
በዕለቱ በአውቶቡሱ ለነበሩ መንገደኞች (ዋናውን ከአፍዎ ስለሰሙ አልተላከላቸውም)

ማሳሰቢያ፦ ከግቢው ውጭ የመመለሻ መኪና ስጠብቅ፣ የእርስዎን መሥሪያ ቤት የደንብ ልብስ የለበሱ አንድ ባልደረባዎ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ግራ ቀኙን አይተውም "እህቴ፣ መድኃኒቱ ሲጀምሩት በጣም ያዞራል እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ሁሉን ሰው እንደማያዞር፣ ቢያዞርም ብዙ ጊዜ እንደሚለቅ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ነገርኋቸው። እስካሁን እንዳይሄዱ ምን እንዳስፈራቸው ስጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ቢሮዎ መስኮት አመለከቱኝ። ማን እንደሆኑ ለማወቅ እንደሚጓጉ ይገባኛል፤ ስማቸው ቀርቶ ወንድ ይሁኑ ሴት እንኳ ከእኔ አይሰሙም።