የኦቦ ጃተኒ ላም ቀለም

መጋቢት 4፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ዛሬም ጀሪካን። ቢጫ በቢጫ ሆነው ቦኖው ፊት ተሰልፈዋል፣ ሴቶቹ ጥላ ስር። ስምንት ፎቶ አነሳሁ፣ ሰባቱን አጠፋሁ። የቀረችውን ጥቁርና ነጭ አደረግኋት (ከእንግዲህ ጥ.ነ. እለዋለሁ፣ እጄ ደከመ)። ቢጫው ሲሄድ ጥማቱ ብቻ ቀረ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሰው ውሃ ባጣ ፎቶ አማረልኝ ብሎ መደሰት ምን የሚሉት ነው?

መ/ቤት ረፍዶብኛል። እዚያም መዝገብና አቧራ።

መጋቢት 9

ማስታወሻዬ፣ የኦቦ ጃተኒ ላም ሞተች። ኦቦ ጃተኒ የጎረቤቴ የቱሜ አባት ናቸው። ድርቁ ከብቶቻቸውን ፈጅቶባቸው ይህችን አንዷን እየነዱ ነው ልጃቸው ቤት የገቡት። ካርቶን ሳይቀር አብልተዋታል። ጠዋት መነሳት አቃታት፣ ቀትር ላይ አለቀ። እሳቸው አላለቀሱም። ገመዷን ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ አጥሩን ተደግፌ።

ከሰዓት ቱሜ መጣች። ባለፈው ወር ላሚቱን ፎቶ ሳነሳት አባቷ አይተውኛል። ፎቶውን እንድሰጣቸው ይለምናሉ፣ የልጅ ልጆቻቸው እንዲያውቋት። እንዴታ አልኩ። ካነሳኋቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

መጋቢት 11

ፎቶ ቤት አሳጠብኩ፣ ፍሬም ገዛሁ፣ በኩራት ይዤ ሄድኩ። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። አቀረቡት። አራቁት። ከዚያ ይህች የማን ላም ናት ብለው ጠየቁኝ።

የአንቱ ናት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ግራጫ ላም ኖሯቸው አያውቅም። ቦረና ላሙን የሚጠራው በቀለሟ ነው፤ የእናቷንም የአያቷንም ዘር የሚቆጥረው በዚያው ነው። ነገሌ ተወልጄ አድጌ ይህን አጣሁት? አላጣሁትም። ትዝም አላለኝ። ባለቀለሙን አምጪልኝ ልጄ አሉ። እሺ አልኩ።

ባለቀለሙ የለም። ጥ.ነ. ካደረግሁ በኋላ ዋናውን አጠፋለሁ። ስልኩ ሞላብኝ እላለሁ፣ ሰበብ ነው። ባለቀለም ፎቶ ማንም ያነሳዋል እያልኩ ስኮፈስ ነበር።

መጋቢት 14

የተሰረዘ ይመልሳል የተባለ መተግበሪያ ሁሉ ጫንኩ። ምንም። ስልክ ጠጋኙ ሳቀብኝ፤ ከወር በላይ በላዩ ሌላ ተጭኖበት ምን ይገኛል አለ።

ኦቦ ጃተኒ ዛሬም በር ላይ። አካም፣ ናጋ፣ ፎቶውስ? ሐዋሳ ልኬዋለሁ፣ እዚያ ነው ጥሩ የሚታጠበው አልኳቸው። በጾም፣ ለትልቅ ሰው ዋሸሁ። መረቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 18

ላሚቱን ስልኩ ላይ ቀለም ቀባኋት። ቀይ። ቱሜ አየችና ቀይ ብቻ አልነበረችም አለች፤ ሆዷ ስር ፈካ ይላል። ምን ያህል? እሷም እርግጠኛ አይደለችም። እኔስ? ስንት ቀን ካሜራ ደግኜባት ያየሁት ብርሃኑን ነው፣ የጎድን አጥንቷን ጥላ። ላሚቱን አላየኋትም። አስር ጊዜ ቀባሁ፣ አስር ጊዜ ሌላ ላም ወጣ። ፎቶ አንሺ ነኝ ማለቴ!

መጋቢት 20

የተቀባችውን አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ከሐዋሳ መጣ ብዬ። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አመሰገኑኝ፣ የቱሜን ልጆች ጠርተው አሳዩ፣ ግድግዳ ላይ አሰቀሉ። ተገላገልኩ። እንዲያው ትንሽ ዘፈንኩም ቤት ስገባ።

መጋቢት 21

አልተገላገልኩም። ቱሜ ነገረችኝ። አባቷ ፎቶውን ከግድግዳ አውርደው ደጅ ብርሃን ላይ ይዘውት ወጡ። አንገቷ ጠቆር ያለ ይመስለኝ ነበር አሉ። ፎቶው ላይ ጥቁረት የለም። ማሽን አይሳሳትም፣ ያረጀሁት እኔ ነኝ፣ ላሜን ረሳኋት አሉ። ከዚያ አለቀሱ። ስትሞት ያላለቀሱት ሰውዬ።

ቀን ሙሉ መ/ቤት አንድ መዝገብ አላገላበጥኩም። ከብቶቻቸው አለቁ፤ የቀራቸው ማስታወስ ብቻ ነበር። እሱን ነጠቅኋቸው።

መጋቢት 22፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል

ወሰንኩ። እነግራቸዋለሁ። የሚያስታውሱት ትክክል ነው፣ አንገቷ ጥቁር ነበር፣ ውሸቱ የእኔ ነው እላለሁ። ልጆቹ ፊት ነው የምለው፤ ያሳዩት ለእነሱ ነውና። ቱሜ ሁለተኛ ሰላም አይሉሽም ትላለች። ይሁን።

በመስኮት ይታዩኛል። እየመጡ ነው። ፎቶውን በኩታቸው ጠቅልለውታል። ገባኝ፣ ሊጠይቁኝ ነው። አንቺ በቅርብ አይተሻታል፣ አንገቷ እንዴት ነበር ብለው፣ እኔን፣ ላሚቱን ያላየኋትን