አባዬ የሳቁበት ኮንሰርት

ሰኞ፣ ጥር 18

ምንም አልጠየቀኝም። የሚያጠራጥረኝም ይኸው ነው። የባንክ ቁጥር አላለ፣ "ኮድ መጥቶልሻል፣ ላኪልኝ" አላለ። ናሆም እባላለሁ የሚል የአዲስ አበባ ልጅ በቴሌግራም ብቅ አለና፣ እሱና ጓደኞቹ ድሮ በቴሌቪዥን የተላለፉ የኦርኬስትራ ኮንሰርቶችን እያደሱ እንደሆነ ጻፈልኝ። ካሴቶቹ ሻግተው ነበር አለ። ድምፁን አጥርተዋል፣ ምስሉን አፍክተዋል፣ አሁን የተጫዋቾቹን ስም ከሥር መጻፍ ይፈልጋሉ። ትራምፔት የሚነፉት አባትሽ ናቸው ወይ ይላል። የእኔን ስም ከየት አገኘ? ከአንድ የድሮ ሙዚቀኛ ነው ይላል። እንደዚያ ማንስ ማለት ይሳነዋል?

ከአንድ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ኮንሰርት ቁራጭ ቪዲዮ ልኳል። በእኛ ኔትወርክ፣ ማስተማር ስጀምር መውረድ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ አለቀ። አባዬ ናቸው። ነጭ ኮት፣ ጎፈሬ፣ ጥርሳቸው በሙሉ እየታየ። የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

እራት ላይ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። "የየትኛው በዓል ነው?" አሉ። የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ነጭ ኮት የለበሳችሁበት አልኩ። የያዙትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት። "አጥፊው" አሉ። እንኳን ሊያዩት፣ ስልኩን ሳነሳ ተነስተው ወጡ።

ባሌ ደሳለኝ "ተያቸው፣ ደክሟቸው ነው" አለ። ለደሳለኝ ሁሉም ነገር ድካም ነው። እኔን ደግሞ፣ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቢያቆሙሽ ጻድቃንን መታወቂያ ትጠይቂያለሽ ይለኛል። እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ነገሩን ለራሴም ቢሆን በቅጡ ልጻፈው።

አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ቡሬ ላይ ያረፉት አባዬ አዲስ አበባ በሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ሳሉ ነው፣ ጳጉሜን ላይ። የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ እትዬ ጥሩዬ፣ ያኔውኑ ወደ ኦርኬስትራው ስልክ አስደውለዋል። አባዬ ግን የደረሱት በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። "መርዶ የተነገረኝ በበዓሉ ማግስት ነው" ይላሉ፣ ሁልጊዜ በዚሁ ቃል። እትዬ ጥሩዬ ደግሞ ስልኩ በዕለቱ መድረሱን፣ ያነሳው ሰውም "እነግረዋለሁ" ማለቱን እየማሉ ይናገራሉ። በዚያ ላይ አዲስ አበባ የነበረ አንድ የቡሬ ነጋዴ በዋዜማው በቴሌቪዥን አይቷቸው ኖሮ ተዝካሩ ላይ ዘረገፈው። የእናቱ መቃብር ሳይደርቅ እሱ ጥርሱን እያሳየ ይነፋ ነበር አለ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩዬ የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። በሰርጌ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ተቀምጠው፣ እህል ሳይቀምሱ መርቀውኝ ሄዱ።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የአባዬ ወገን ነኝ። አክስቴን ነገረኛ ናቸው ብያለሁ፣ ያውም ሰው ፊት። አሁን ግን እሳቸውንም መጠርጠር ጀመርኩ። ካላወቁ ቪዲዮው ምን ያስፈራቸዋል? ምንም ያላጠፋ ሰው "አጥፊው" ይላል? አባቴ እየዋሹኝ አሳድገውኝ ይሆን? ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍራል።

ለናሆም ሙሉውን ላክልኝ አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 20

መጣ። እነ ደሳለኝ መሥሪያ ቤት ዋይፋይ አለ፤ በምሳ ሰዓት ሄጄ በሩን ዘግቼ አየሁት። ያየሁትን ሳልረሳ ልጻፍ።

አባዬ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ፍንክንክ እንዳሉ ናቸው። በቀኛቸው ሳክስፎን የያዘው ሰውዬ አንዴም ወደ እሳቸው አይዞርም። ቫዮሊን የያዘችው ሴት በዘፈኖቹ መሃል መሐረብ ታወጣለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። መሪው በአጠገባቸው ሲያልፍ የአባዬን ትከሻ ይዞ ቆም ይላል። የሌላ ሰው ትከሻ አልያዘም። ዘፋኙ እንኳ ስለ አደይ እየዘፈነ ዞር ብሎ ያያቸውና ስንኙ ይጠፋበታል።

ደገምኩት። ሁሉም ያውቃሉ። የማያውቁት አባዬ ብቻ ናቸው። ጓደኞቻቸው፣ በዓሉ ይለፍና እንነግረዋለን ብለው ደብቀዋቸዋል። ማን አይደብቅም? እኛስ ለተፈታኝ ልጅ ፈተናው ሳያልፍ መርዶ እንነግራለን?

ደስ ብሎኝ ላለቅስ ስል ሌላ ነገር መጣብኝ። ፊቶቹ ከመጠን በላይ ጥርት ብለዋል። ናሆምን ብጠይቀው፣ የደበዘዘውን ፊት ኮምፒውተሩ ገምቶ ይሞላዋል አለኝ፣ ምንም ሳይመስለው። ገምቶ? እንግዲያው ያለቀሰችው ሴትየዋ ናት ወይስ ኮምፒውተሩ? ያልታደሰውን ላክልኝ አልኩት። አላመንሽኝም ማለት ነው አለ። አዎ፣ አላመንኩህም አልኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ያልታደሰውም መጣ። ፊት የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ገንፎ ነው። መሐረቡ ግን አለ። ትከሻቸው ላይ ያረፈው እጅም አለ። ኮምፒውተሩ የፈጠረው ቢሆን አሮጌው ላይ ከየት ይመጣል? እፎይ አልኩ።

አባዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ለምንድን ነው አጥፊው ያሉኝ?

"ስስቅ እንዳታዪኝ ነው" አሉ። "እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ ስስቅ። አለማወቄ ሳቁን ያጠፋዋል?"

ለካ ጓደኞቻቸው ስልኩ የመጣው በበዓሉ ማግስት ነው ብለዋቸው፣ እሳቸውም ይህንኑ አምነው ኖረዋል። ስለዚህ እህታቸው ቀኑን የሚዋሹባቸው ይመስላቸዋል። እህታቸው ደግሞ የሚዋሹት እሳቸው ይመስላቸዋል። ስንት ዘመን ሙሉ ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

አሳየኋቸው። መሐረቡ ላይ ሲደርስ አስቆሙኝና የሴትየዋን ስም ጠሩ። ቀጥሎ የሳክስፎኑን። ቀጥሎ የመሪውን። እያንዳንዱ ላይ "ይሄም ያውቅ ነበር?" ይላሉ። ሦስቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ይቀልላቸዋል ብዬ ነበር። ስልኩን ገፋ አደረጉና መኝታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። ምነው መጀመሪያውኑ ባጠፋሁት።

አርብ፣ ጥር 22

አባዬ ከጾሙ በኋላም እህል አልቀመሱም። አሁን ደግሞ የሚጠረጥሩት እኛን ነው። እኔና ደሳለኝ ስናወራ ከደረሱ "ምን ትሸሽጉኛላችሁ?" ይላሉ። ምንም አንሸሽግም፣ ስለ ሽንኩርት ነው የምናወራው። አያምኑም።

ከሰዓት በኋላ ከቡሬ ተደወለ። ሙሉ ናት፣ የእትዬ ጥሩዬ ልጅ። እናቷ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። "ለጋሼ እንዳትነግሪያቸው። ትንሽ ይሻላትና ቀስ ብለን እንነግራቸዋለን" አለችኝ። ደሳለኝም ልክ ናት አለ። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁ።

ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ማን ነው አሉ። የትምህርት ቤት ሰው ነው ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። ነገርኳቸው። ደሳለኝ ተቆጣ። ይቆጣ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ቡሬ ደርሰን መጣን። መንገዱ ክፍት ነው ቢሉኝም ሆስፒታሉን በዓይኔ እስካይ አላመንኩም ነበር።

እትዬ ጥሩዬ ሰውነታቸው አልቋል፣ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። ወንድማቸውን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቪዲዮውን ከፈትኩላቸው፣ የታደሰውንም አሮጌውንም፣ ነገሩንም አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አዩ። "በኮምፒውተር ያልሠራሽው ለመሆኑ ማን ያውቃል?" አሉኝ። ዘራችን ነው ለካ።

ከዚያ አሮጌውን ድገሚልኝ አሉ። መሐረቡ ጋ ሲደርስ ስልኩን ትተው አባዬን አዩ። አባዬ በሩ አጠገብ ቆመዋል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው።

"ስልኩን ያነሳው ሰው አልነገረህም?"

"አልነገረኝም፣ እታለም።"

"በል ቅረብ።"

አባዬ ቀረቡ። እትዬ ጥሩዬ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ መርዶ እንደሚነግር ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እናታችን አርፋለች፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጽናህ።"

አባዬ እዚያው አልጋው ሥር ተቀምጠው ለቅሶ ጀመሩ። እትዬም፣ ሙሉም፣ እኔም። ነርሷ ከወዲያኛው ክፍል እየሮጠች መጥታ አልጋዎቹን አንድ በአንድ አየች።

"ማን ሞተ?" አለች።

"እናቴ" አሉ አባዬ።

ነርሷ እኚህን ሽማግሌ ትክ ብላ አየቻቸውና፣ መቼ ብላ ሳትጠይቅ ደግፋ አስነስታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።