አባ ቆይ፦ የእህል መውቂያ ማሽን ባለሙያው የሕይወት ታሪክ

በአካባቢው ሁሉ «አባ ቆይ» በመባል የሚታወቁት ወንድማችን፣ ከገበሬ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ከወንዙ ማዶ ባለው እርሻ ተወለዱ። እናታቸው ቀኑን ሙሉ ሲያርሙ ውለው ማታ ስለወለዷቸው፣ ሥራ ወዳድነትን ከማኅፀን ይዘው መጡ ይባላል። እውነት ነው፤ ችኮላውንም ይዘው ነው የመጡት።

እስከ አምስተኛ ክፍል ተምረው ጋራዥ በመግባት የሞተር ሥራ ለመዱ። በ1970 ዓ.ም. ዛሬ በሐዘን የተቀመጡትን ባለቤታቸውን አገቡ። በዓመቱ የእህል መውቂያ ማሽን ገዙ። ሌላው በሳምንት የሚወቃውን በቀን ስለሚያደርሱ «ፈጣኑ» የሚል ስም ወጣላቸው። ስሙን ወደዱት።

የፍጥነታቸው ምስጢር በቀብራቸው ዕለት ይነገር ብለው ስለተናዘዙ አንደብቅም። ሞተሩን ከማሽኑ የሚያያይዘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የብረት መከለያ አለው። መከለያው ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ይንቋቋል፤ ገለባ ሲገባበት ደግሞ ብሎን መፍታት፣ መጥረግ፣ መልሶ መግጠም ነው። ሰማዩ ጠቁሮ ባለ እህሉ «ኧረ ቶሎ በል፣ ዝናቡ ቀደመን!» ሲላቸው፣ መከለያውን ፈትተው የዶሮ ቤት ክዳን አደረጉት። ሁላችንም ብልኅ አልናቸው። ታላቅ እህታቸውም «ብረቱ ከሚንጫጫ ዶሮዎቹ ቢንጫጩ ይሻላል» ብለው ሳቁ። ዛሬ አያስቅም።

በ1973 ዓ.ም. ነዶ ሲያቀብሉ የነበሩትን ባለቤታቸውን ቺንጋው በእጅጌያቸው ያዛቸው። ቀኝ እጃቸው ከክርን በታች ማሽኑ ላይ ቀረ።

ባለቤታቸው ይቅር ብለዋል። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ይቅር አላሉም። በማግስቱ መከለያውን ከዶሮ ቤቱ አንሥተው ገጠሙ። ከዚያ ወዲያ እስኪታመሙ ድረስ በየማለዳው የባለቤታቸውን ሻሽ የሚያስሩት እርሳቸው ነበሩ። «እንደ ጆንያ አፍ ነው የምታንቀኝ፤ እህል መሰልኩህ እንዴ?» ባለቤታቸው ሲሏቸው ቤቱ ይስቃል። እርሳቸው ዞር ብለው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ፈጣኑ» ብሎ ለሚጠራቸው መልስ አይሰጡም። ሞተር ሳያስነሡ «ቆይ! ቆይ!» እያሉ የሠራተኛውን እጅጌ ይጠቀልላሉ፣ የሻሹን ጫፍ ይሸጉጣሉ፣ መከለያውን በመዶሻ መታ መታ ያደርጋሉ። አንዱ ባለ እህል ተቆጥቶ «አንተ ሰውዬ፣ እህል ልንወቃ ነው ወይስ ሙሽራ ልናለብስ?» ቢላቸው፣ «ሙሽራዋ ቀለበት የምታጠልቅበት ጣት ይኑራት ብዬ ነው» አሉት። ሰውየው የራሱን እጅጌ ጠቀለለ።

የሰውን እጅ ሲጠብቁ የራሳቸውን ሳንባ ረሱ። «አፍህን ሸፈን አድርግ» ሲባሉ «እኔ ምን ቀረኝ!» ይላሉ። ለራሳቸው የቆረጡት ቅጣት ይሁን እንጃ። ከአርባ ዓመት በላይ የማጉት የገለባ አቧራ ሳል ሆኖ በ2014 ዓ.ም. አልጋ ላይ ጣላቸው። ማሽኑ ለበኩር ልጃቸው ተላለፈ።

በዘንድሮው አዝመራ አልጋቸው መስኮቱ ሥር ነበር። ሞተሩ ተነሣ፤ የመከለያው መንቋቋት ግን አልተሰማም። ልጃቸውን አስጠርተው «መከለያውስ?» አሉት። «አለ፣ አባዬ» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማሽኑ አልጠየቁም። ልጁን ብቻውን አንወቅሰውም። ዝናብ መጣ ብለን የወተወትነው እኛው ነን፤ አባቱንም የወተወትነው እኛው ነበርን።

አባ ቆይ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት የባለቤታቸውን ሻሽ ያሰሩት ታላቅ እህታቸው ናቸው። እንደ እርሳቸው አልሆነላቸውም።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው ዕረፍት ይስጥልን። ለጆሯቸው ዕረፍት መስጠት ግን የኛ ፋንታ ነው። መከለያው ከቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከቀብር መልስ፣ ልብሱን ሳይቀይር፣ ልጃቸው ይግጠመው። ያልተወቃ ነዶ ያለውም፣ ዝናብ ቢመጣም ባይመጣም፣ ይቆይ።