«ገባ» የተባለው ኳስ

ይድረስ ለእታለም፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ እንደ ባልሽ እሱም አኩርፏል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እማስ? አሁንም በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ በኮቴው እየለየች ትሳደባለች? እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው፤ ሥራ ከተባለ።

የእማን የዓይን ሞራ የሚያነሳላት ሐኪም ለወሩ መጨረሻ ዓርብ እንደቀጠራት፣ እሷም «ልጄ እጄን ካልያዘኝ አልጋው ላይ አልወጣም» ብላ እንደማለች የጻፍሽልኝ በደረሰኝ ማግስት ፈቃድ ልጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። ጎንበስ ብሎ ኳስ ይመታ ነበር። «ከውድድሩ በኋላ» አለኝ። ውድድሩ ደግሞ ከቀጠሮዋ በኋላ ነው።

የሚወዳደረው ጎልፍ በሚሉት ጨዋታ ነው። ኳስ በዱላ እየመቱ ጉድጓድ ውስጥ መክተት። ጉድጓዱ አጠገብ ሲደርሱ ጉልበት አይጠቅምም፣ ማነጣጠር ነው አሉ። የኛ ሰውዬ ሩቁን እንደምንም መትቶ ቅርቡን ይስታል። ስለዚህ ቢሮውን መለማመጃ አደረገው። እማ «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» ትል የለ? ይሄ መች ቆፍሮ! የሻይ ብርጭቆ ምንጣፍ ላይ አጋድሞ ጉድጓዴ ነው ይላል። እግሩን ገጥሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዳሌውን ነቅነቅ አድርጎ እስኪመታ ድረስ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ የተቀጠርኩት ለተላላኪነት ነበር፤ አሁን ብርጭቆው አጠገብ ተንበርክኬ ኳስ እመልሳለሁ። በሌለበት ስሙ «አልሞ ተኳሽ» ነው።

ከሱ ይልቅ የሚያቅለሸልሹኝ አጨብጫቢዎቹ ናቸው። ኳሱ ግድግዳ ሲላተም ሒሳብ ሹሙ «ለጥቂት!» ይላል። መስኮቱ ሥር ሲደርስ «ምንጣፉ ነው ያጣመመብዎ» ይላል። ከዚያ ምንጣፉን አንስቼ እንዳዞር እታዘዛለሁ። ምንጣፍ ምን በወጣው! እማ በሞራ ዓይኗ ከሒሳብ ሹሙ የተሻለ ታያለች።

ትናንት እንደገና ጠየቅሁት። ቢሮው ሰው ሞልቶት ስለነበር ቀልድ አማረው። «እሺ፣ ይሄ ከገባ ወደ እናትህ ሂድ፤ ካልገባ አርፈህ ኳስህን ልቀም» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ነቅነቅ ብሎ መታው። ኳሱ ብርጭቆውን ታክኮ አለፈና እኔ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሥር ተወሸቀ።

ይሄኔ ጸሐፊዋ አንገቷን በበሩ ብቅ አድርጋ «ገባ!» አለች። የድርጅቱ ባለቤት መድረሳቸውን ልታስጠነቅቅ ነበር። ፊት ለፊት ቢሆን «ገቡ» ትል ነበር፤ ከኋላ ማን አንቱ ይላል? በሩ አጠገብ ቆመው ኳሱን ያላዩት «ገባ! ገባ!» እያሉ አጨበጨቡ። ያየው ሒሳብ ሹም ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። ባለቤቱ በጭብጨባው መሃል ደርሰው ምን ተገኘ ቢሉ፣ ሒሳብ ሹሙ «በአንድ ምት፣ ጌታዬ! ከዚያ ማዶ!» አላቸው። እሳቸውም የሥራ አስኪያጁን እጅ ጨበጡ።

ሰውዬው አየኝ። እኔም አየሁት። «አልገባም» ማለት ይችል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። አልወጣችውም። እኔም ጮክ ብዬ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ከገባ ወደ እናትህ ሂድ ብለውኝ አልነበር?» አልኩ። ባለቤቱ «ቃል ከገባህለትማ ይሂድ እንጂ» አሉት። ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ «እሺ፣ ይሂድ» አለ። ሲወጡ ኳሱን ከመደርደሪያው ሥር ስቤ ብርጭቆው ውስጥ ከተትኩት። ሰሞኑን እዚያ ቢሮ በእርግጥ የገባ ኳስ እሱ ብቻ ነው።

ለእማ «ፈቀዱለት» ብቻ በያት። ዝርዝሩን አትንገሪያት፤ ምርቃቷን በዚያ ሰውዬ ላይ እንዳታባክን።

ባልሽን ኩርፊያው ከለቀቀው ሰላም በይልኝ፤ ካለቀቀውም በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን፣ ያንን ወሬኛ ታናሿንም ሳሚልኝ። አክስታችን ዘንድ ሰላምታዬን አድርሺ፣ ጆሮዋ ስለከበደ ጮክ በይ። የቀጠሮዋ ዋዜማ፣ ሐሙስ፣ በአውቶቡስ እደርሳለሁ። በሩን ሳንኳኳ እማ ጆሮ አጠገብ ሆነሽ «ገባ!» በያት። አንድ ጊዜ እንኳ ቃሉ እውነት ይሁን።

ወንድምሽ
ከመጋዘኑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 12