ከሰርጡ ማዶ ያለ እርሾ

ኦክቶበር 13

ዝናብ። በጎቹን ከተራራው አወረድን። ሁለት ጎድለዋል፤ ጎረቤቴ ኤይቪን ነገ ወጥቶ ይፈልጋቸዋል።

ከሰዓት በኋላ አባባ ጋ ሄድኩ። የአረጋውያኑን ቤት ከመጠን በላይ ያሞቁታል፤ ካፖርቴን ሳላወልቅ ላብ አጠመቀኝ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ... መስኮት መስኮቱን ያያል። ሾርባውን አልነካውም።

"ምን ላምጣልህ?"

"ጠላ።"

"ከሱቅ?"

"የሱቁን ውሻም አይጠጣው። የቤታችንን ነው እንጂ። በጥድ ውሃ የሚጠመቀውን።"

እሺ አልኩ። እሱ እዚያ ከገባ አራት ዓመት ሆነው፤ አንድም ቀን አልጠመቅኩም። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ኦክቶበር 14

የጠመቃ ቤቱን ከፈትኩ። ድሩን ጠራረግኩ። ደረቁ እርሾ ያለበትን ብልቃጥ ከመደርደሪያው አወረድኩ፤ አባባ በእጁ ያደረቀው። ክዳኑን ገና ስፈታው ሽታው መታኝ። ሻጋታ... አረንጓዴ። እርጥበት ገብቶበታል።

ከስንት አያት ሲወርድ የመጣ እርሾ እኔ እጅ ላይ ሞተ።

ለማንም አልተናገርኩም።

ኦክቶበር 19

ኤይቪን ጠምቆ ነበርና ሁለት ሊትር ቀዳልኝ። የራሳችን ነው ብዬ ለአባባ ልሰጠው አሰብኩ። ማን ያውቃል?

ቀመሰው። አፉ ውስጥ አቆየው።

"የኤይቪን ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"ሲግኔ፣ ያረጀው ጉልበቴ ነው። ምላሴ አላረጀም።"

እውነቱን ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እህትሽ ራግና ጋ አለ።"

"ምን?"

"ራግና ጋ አለ አልኩሽ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። አንቺ በከለከልሻት ማግስት... በመሀረብ ቋጥሬ።"

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይነግረኝ።

ኦክቶበር 20

እጄ ሥራ አልይዝ አለ። ያ ቀን እየመጣ...

የእማማ ቀብር ነበር። እንግዶቹ ገና ከማዕድ አልተነሡም። ታናሽ እህቴ ራግና፣ ከባሕር ሰርጡ ማዶ ተድራ የምትኖረው፣ ወደኔ ጠጋ ብላ "ሲግኔ፣ ትንሽ እርሾ ስጪኝ፤ እዚያም ልጥመቅበት" አለችኝ። በኛ አገር እርሾ ለለመነ አይከለከልም። ለተጣላ ጎረቤት እንኳ ይሰጣል። እኔ ግን... እማማን ሦስት ዓመት ያስታመምኩት እኔ። ያጠብኳት፣ ያገላበጥኳት እኔ። እሷ በዓመት ሁለቴ አበባ ይዛ ትመጣና "የኔ ልጅ" እየተባለች ትሳማለች። ሁሉም እየሰማ "እርሾው የቤቱ ነው፤ ከቤት አይወጣም" አልኳት።

ፊቷ ቀላ። ካፖርቷን አንሥታ ወጣች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለገና ካርድ ብቻ። ስሟ ብቻ የተጻፈበት። አባባን ረቡዕ ረቡዕ ትጠይቀዋለች። እኔ ረቡዕ ቀን ዝር አልልም።

ልጆች ሳለን ጥድ ስንቆርጥ ታንጎራጉር ነበር። ዜማውን ዛሬ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ኦክቶበር 24

ስልኩን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ኦክቶበር 28

ነርሷ ደወለች። አባባ ምግብ ቀንሷል። "የሚያምረው ነገር ካለ ይዘውለት ይምጡ" አለችኝ።

ኖቬምበር 2

በጠዋቱ ጀልባ ተሻገርኩ። ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ!

በሩን ራሷ ከፈተች። ሸብታለች። እኔም ሸብቻለሁ፤ የሷ ግን... ሲሸብት አላየሁትማ።

"አባባ ሞተ?" አለች። እኔን ሌላ ምን ያመጣኛል?

"ኧረ አልሞተም።"

"ታዲያ?"

ጀልባው ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ብን አለ። "እርሾዬ ሞተብኝ" አልኩ።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች። ክፉ ሳቅ። "ከቤት አይወጣም አላልሽም ነበር፣ እህት ዓለም?"

"ብያለሁ።"

"ሰው ሁሉ ፊት።"

"ሰው ሁሉ ፊት። በድዬሻለሁ፣ ራግና።"

ግቢ አላለችኝም። ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል።

"አባባ ነው የጠየቀው?"

"እሱ ነው... እኔም ነኝ።"

"አልሰጥሽም" አለች በመጨረሻ። "ደግሞ ወስደሽ ልትገድዪው! ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ቅዳሜ። ጥዱን ቆርጠሽ ጠብቂኝ።" በሩን ዘጋችው።

ስመለስ ጀልባው ላይ አለቀስኩ። ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ሲያየኝ ጉንፋን ነው አልኩት።

ኖቬምበር 7

መጣች። ብልቃጡን በሱፍ ካልሲ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቷ ላይ አቅፋው።

ገና ሳትቀመጥ፣ "ይሄ ነው ጥድ? ፍሬ እንኳ የለውም!"

"ፍሬ ያለው ገደሉ ጋ ነው።"

"ድሮ ገደሉ ላይ ማን ነበር የሚወጣው?"

"አንቺ።"

"እኮ!"

ሄደን ቆረጥን። ድስቱን ጣድን፤ ጥዱን ቀቀልነው፤ ብቅሉን በውሃው አራስነው። ቀኑን ሙሉ ያወራነው ስለ እሳቱ፣ ስለ ውሃው ነው። "ጨምሪ።" "ይበቃዋል።" ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነፈስንም።

የብቅሉ ጭማቂ ለብ ሲል እርሾውን ለመጨመር ቀረብን። በዚህ ሰዓት መጮህ ወግ ነው፤ ጠላው ኃይለኛ እንዲሆን። አባባ ሲጮህ ተራራው ያስተጋባ ነበር።

"አንቺ ጩኺ" አለችኝ።

"እርሾው ያንቺ ነው፤ አንቺ ጩኺ።"

"ብቻዬንማ አፍራለሁ!"

አብረን ጮኽን። እኔ ስልሳ ሁለት፣ እሷ ስልሳ ዓመቷ። ውሻው ጠረጴዛ ሥር ተወሸቀ። ኤይቪን ከማሳው እየሮጠ መጣና "ማን ሞተ?" ሲል ራግና ሳቅ ጣላት፤ በርሜሉን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስትስቅ ቁርጥ እማማን። ይህን ማንም አልነገረኝም። ማን ሊነግረኝ?

ኖቬምበር 11

ረቡዕ። አባባ ጋ ሁለታችንም ገባን። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየና እጁን ለብርጭቆው ዘረጋ።

ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

"የኛ አይደለም" አለ።

ራግና ነጣች። "አባባ፣ ያው እኮ ነው! አንተ የሰጠኸኝ..."

"የኛው መረር ይል ነበር። ይሄ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ያንቺን ውሃ ለምዷል፤ ያንቺን ቤት።" እንደገና ተጎነጨ። "የራግና ጠላ ነው።"

"ይቅርታ፣ አባባ።"

"ማን ይቅርታ ጠይቂ አለሽ? ድገሚኝ!"

ሁለተኛውንም ጨረሰው። ዳቦም በላበት፣ ከነቅቤው።

እስከ ጀልባው በመኪና ሸኘኋት። ያ መራራው ጠላ የትም የለም ማለት ነው... የኔ ብልቃጥ ውስጥ የለም፣ እሷም ጋ የለም። እሷም ይህንኑ ስታስብ ነበር መሰለኝ፣ "እኔ እኮ አፌ ላይ አለ፤ የድሮው" አለችኝ።

"እኔም ላይ አለ።"

ጀልባው ሊነሣ እስኪል ከመኪናው አልወረደችም።

ዲሴምበር 6

ከዚያ ጠመቃ ባስቀረሁት እርሾ ብቻዬን ጠመቅኩ። ራግና ደወለች። ብቅሉን አብዝተሽዋል አለችኝ። አላበዛሁም አልኩ። "በስልክ ይሸተኛል" አለች! አርባ ደቂቃ ተጨቃጨቅን። እራቴ አረረ።

ለገና ትመጣለች። በሃያ አንድ።

የድሮ ክፍሏን ከፈትኩና አልጋዋን አነጠፍኩ። ገና ሁለት ሳምንት አለ... ይሁን። ተነጥፎ ይቆይ።